ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል በስሎ ነበር? ስለ ውፍረት መድኃኒት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ለምትሠሩ ተመራማሪዎች፤
ለክልሉ ጤና ቢሮና ግብርና ቢሮ፤
እንዲሁም በጎጃም ከተሞች የባህል መድኃኒት ለምትሸጡ ወገኖቼ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለመድኃኒት ተብሎ የሚለቀም ፍሬ ሲለቀም ምን ያህል በስሎ እንደነበር ይጻፍ። ምርምሩ ላይ ይጻፍ፤ የሱቅ ማሸጊያው ላይም ይጻፍ። የባህል መድኃኒት አዋቂ ሲጠየቅም ይህ ጥያቄ አይዘለል። በተለይ «ቦርጭ ያጠፋል»፣ «ውፍረት ይቀንሳል» የሚባልላቸው ፍሬዎች ነገር አሳስቦኛል።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፋርማሲ ነው። ሥራ ስጀምር ሰው የሚጠይቀኝ ምግብ የሚያስበላ፣ ሰውነት የሚሞላ ቫይታሚን ነበር። ዛሬም እሱን የሚፈልግ አለ። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፦ «እህቴ፣ ይሄን ቦርጭ የሚያወርድልኝ ነገር የለሽም?» ሹፌሩ ይጠይቃል። የባንክ ሠራተኛዋ ትጠይቃለች። ከወለደች በኋላ ልብሷ አልገባ ያላት እናት ትጠይቃለች። ብዙዎቹ ለመልክ ብለው አይደለም፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም አቅጣጫውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 8 በመቶ አድገዋል። ከተማው ደግሞ ከገጠሩ በብዙ ይብሳል። በገጠሩ ጎጃም ዛሬም የልጆች መቀንጨር ትልቅ ችግር መሆኑን አልረሳሁም። ሁለቱም ግን አንድ ወረዳ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ አሉ።

ፈላጊ ሲበዛ ሻጭ አይጠፋም። በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ ከገበያ የገዛችውን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አፉ በሻማ እሳት የታሸገ ስስ ፌስታል ነው። ውስጡ ቡናማ ዱቄት አለ፤ ሲዳሰስ ሸካራ፣ ሲሸተት የደረቀ ቅጠል የሚሸት። ቁራጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ «ለቦርጭ፤ ጠዋትና ማታ 1 ማንኪያ በሞቀ ውሃ» ይላል። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ፍሬ ነው አሉኝ» አለችኝ። የምን ፍሬ? አታውቅም። የት፣ መቼ ተለቀመ? ማንም አልነገራት። ጥሬውን ነው ወይስ የበሰለውን? እሷም ለመጠየቅ አላሰበችም።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትርፍ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ እስቲ አንድ የእንጆሪ ቁጥቋጦ አጠገብ ይቁም።

የምለው ኬክ ላይ የሚቀመጠውን እንጆሪ አይደለም። በየአጥሩ፣ በየወንዙ ዳር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ጫፍ የሚበቅለውን እሾኻሙን ነው፤ እረኛ ከንፈሩ እስኪጠቁር የሚበላውን። አንዱ ዘለላ ላይ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ፍሬ ታገኛላችሁ። አረንጓዴው ድንጋይ ነው። ቢጎትቱትም እንቢ ይላል። ሲነክሱት መጣጣ ነው፤ አፍ ይጨመድዳል፣ ምላስ ላይ ሻካራ ነገር ይተዋል። ቀዩ ለስለስ ብሏል፣ ግን ገና ይጎመዝዛል። ጥቁሩ ገና ሲነኩት እጅ ላይ ይወድቃል። ጭማቂው ጣት ያቀልማል፤ ጥፍር ስር ገብቶ ሳይለቅ ይሰነብታል።

በሦስቱ መካከል የሚለወጠው ጣዕሙ ብቻ አይደለም። ተክሉ ዘሩ ሳይጠነክር ፍሬው ቢበላ ይከስራል። ስለዚህ ለጋውን ፍሬ ታኒን በሚባለው አፍ አጨማዳጅ ነገር ይሞላዋል። ዘሩ ሲደርስ ደግሞ ወፍ በልቶ እንዲበትንለት ይፈልጋል። ያኔ ሁሉም ይገለበጣል። ታኒኑ ይወርዳል፤ አሲዱ ይቀንሳል፤ ስኳሩ ይጨምራል። አንቶሲያኒን የሚባለው ቀይና ሐምራዊ ቀለም ይገባበታል። ፍሬው ውሃ ይዞ ስለሚያብጥም የቀረው ታኒን የባሰ ይሳሳል። ስለዚህ ቅርንጫፉ አንድ ቢሆንም፣ ቤተ ሙከራ ሲገቡ አረንጓዴውና ጥቁሩ እንደ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች መታየት አለባቸው።

ይህን በተግባር የተጠቀሙበት አገሮች አሉ። የኛ እንጆሪ ዘመድ የሆነ፣ ቦክቡንጃ የሚባል ተክል ኮርያ ውስጥ አለ። ኮርያውያን ከበሰለው ጥቁር ፍሬ ወይን ይሠራሉ። ለመድኃኒት የሚፈልጉትን ግን ሳይበስል ለቅመው ያደርቁታል። ቻይናም ሌላ ዘመዱ አለ። የአገሪቱ የመድኃኒት መዝገብ ያ ፍሬ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫማ አረንጓዴ ሲዞር እንዲለቀም ያዝዛል። ወቅቱን ብቻ ጠቅሶ አላለፈም፤ ቀለሙንም ጽፏል። እኔ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ያልበሰለው ቦክቡንጃ ከበሰለው የበለጠ ኤላጂክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ከዚህ ጥሬ ፍሬ ተነጥሮ የወጣውን ነገር ቅባት የበዛበት ምግብ ለሚበሉ አይጦች ሰጥቶ ነበር። አይጦቹ ይህን ካላገኙት ያነሰ ክብደት ጨመሩ። የስብ ህዋሳቱም ያጠራቀሙትን ስብ ወደ መልቀቅና ወደ ሙቀት ወደ መቀየር አዘነበሉ።

አሁን ይህንን ወደኛ አምጡት። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዳሞት አካባቢ ጥቁሩን እንጆሪ ለቅሞ ይፈትሻል እንበል። ምንም የረባ ውጤት አያገኝም። «የኢትዮጵያ እንጆሪ ውፍረት ላይ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ሌላዋ ከሁለት ዓመት በኋላ አረንጓዴውን ትለቅማለች፤ ጥሩ ውጤት ታገኛለች። ጽሑፋቸው ላይ ሁለቱም «ፍሬው ተለቅሞ፣ ጥላ ሥር ደርቆ፣ ተፈጭቶ» ብለው ብቻ ይጽፋሉ። አንባቢ ከሁለት አንዳቸው ተሳስተዋል ይላል። ሁለቱም ግን ያዩትን ነው የጻፉት። የጎደለው ግማሽ መስመር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለሱ ሲባል የሁለት ሰው ድካም ውሃ ይበላዋል።

እርግጥ የኛ እንጆሪ ዝርያው ሌላ ነው። ቦክቡንጃ ያደረገውን እሱም ያደርጋል ብዬ አልምልም። መመርመር ያለበትም ለዚህ ነው፤ ሲመረመር ደግሞ በየደረጃው ተለይቶ መሆን አለበት።

ጥሬው ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለቴም አይደለም። እንዲያውም ጥሬው የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። የመራራ ብርቱካንን ነገር እንይ። የቻይና ሐኪሞች ገና ለጋ ሳለ የረገፈውን ትንሽ ፍሬ አድርቀው ለሆድ ችግር ይጠቀሙበታል። ያ ለጋ ፍሬ ሲኔፍሪን የሚባል ነገር አለው፤ ፍሬው እያደገና እየበሰለ ሲሄድ መጠኑ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ኤፌድራ የሚባል አነቃቂ ተክል ያለባቸውን የማክሻ እንክብሎች ስታግድ፣ ብዙ አምራቾች በምትኩ ያስገቡት ከዚህ መራራ ብርቱካን ተነጥሮ የወጣውን ነበር። ክብደት ይቀንሳል የሚለው ማስረጃ ደካማ ነው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ግን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ያለች እናት ለጋውን ፍሬ በማንኪያ ስትወስድና የበሰለውን ስትበላ ሰውነቷ የሚያገኘው አንድ አይደለም። ያቺ ደንበኛዬ ያመጣችው ፌስታል ውስጥ የነበረው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

ወደ ቤታችን እንምጣ። ቡሬ፣ ወንበርማና ጃቢ ጠህናን በርበሬ አብቃይ ናቸው። በርበሬ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ነገር ከሰውነታችን ጋር የሚገናኝበትን መቀበያ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው አሳውቀዋል። ሰውየው በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ካፕሳይሲን ሰውነት የሚያቃጥለውን ጉልበት በጥቂቱ እንደሚጨምር በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። በጥቂቱ ነው፤ ሽሮው ላይ በርበሬ ስለበዛ ቦርጭ አይጠፋም። ለኔ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ነው። ካፕሳይሲን ፍሬው ውስጥ የሚጠራቀመው በጊዜ ነው። አበባው ከረገፈ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ በብዙ ዝርያዎች ከ40 እስከ 50 ቀን ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በአንዳንዱ ዝርያ መልሶ ይቀንሳል። መቅላቱ ደግሞ በራሱ መንገድ የሚሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ አበባው የወደቀበት ቀንም ይፈለጋል። የቡሬን በርበሬ ለዓለም ገበያ በጥራት እናቅርብ ስንል፣ በስንተኛው ቀን ሲለቀም ምን ያህል ካፕሳይሲን እንደሚይዝ በየዝርያው የሚያሳይ ሰንጠረዥ በገበሬው እጅ መኖር አለበት። ይህ የግብርና ቢሮው ድርሻ ይመስለኛል።

ብዙ ጥናት ላይ የማየው መልስ «በጥቅምት ወር ተለቀመ» የሚል ነው። ጥቅምት ምን ይነግረኛል? ጎጃም እኮ ሜዳ ብቻ አይደለም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱ ያፍናል። ከደብረ ማርቆስ ሽቅብ ወደ ጮቄ ስትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ፤ ጠዋት ውርጭ አለ። አንድ ተክል ቆላው ላይ ሲያፈራና ደጋው ላይ ሲያፈራ እኩል አይደርስም። ብርድ ማብሰልን ያዘገያል። በአንድ ወር ከተለቀሙ ሁለት ናሙናዎች አንዱ በስሎ ሊያልፍበት፣ ሌላው ገና ለጋ ሊሆን ይችላል። ያውም ዝናቡ በቀደመበትና በዘገየበት ዓመት ያለውን ልዩነት ሳንጨምር ነው። የወር ስም ለታሪክ ይጠቅም ይሆናል፤ ብስለትን ግን አይተካም።

ይህ ለእናንተ ለተመራማሪዎቹ አዲስ ዕውቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ። አስቸጋሪውም አይደለም። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አበባው ሲፈነዳ ባለቀለም ክር አጠገቡ እሰሩ፤ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ፍሬው ስንት ቀኑ እንደሆነ በግምት ሳይሆን በቁጥር ታውቁታላችሁ። ከአንዱ ቁጥቋጦ፣ በአንዱ ቀን፣ አረንጓዴውን፣ ቀዩንና ጥቁሩን ለየብቻ ልቀሙ። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ የመጣው ከአፈሩ ወይም ከቁጥቋጦው ነው የሚል ክርክር አይነሳም። የቀለም መለኪያ ካርድ ጎን አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ስኳሩን የምትለኩበት ሪፍራክቶሜትር ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው፤ አንድ ጠብታ ጭማቂ ይበቃዋል። ስትመዝኑ በእርጥቡ አትመዝኑ። የበሰለው ፍሬ ውሃ ስለሆነ፣ እርጥቡን ከእርጥቡ ማነጻጸር ጥሬውን ያለ ሥራው ያገንነዋል። ደርቆ፣ ክብደቱ እኩል ሆኖ ይነጻጸር። አደራረቁም ይጻፍ። የበሰለና ስኳር የበዛበት ፍሬ ቶሎ አይደርቅም፤ ሻጋታ ይቀድመዋል። ሻጋታ የጀመረው ናሙና ላይ የምታገኙት ውጤት የፍሬው ይሁን የሻጋታው ማን ያውቃል?

ማንጎ ወይም ሙዝ የምትመረምሩ ከሆነ ደግሞ ሌላም አለ። እነሱ ከተለቀሙም በኋላ ይበስላሉ። ጥሬ ሙዝ ከደረቅ ክብደቱ አብዛኛው ስታርች ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ የሚያልፍ ዓይነት ነው። ለመጥገብና ለደም ስኳር መልካም ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ቆይቶ ሲበስል ያ ስታርች ከሞላ ጎደል ወደ ስኳር ይለወጣል። ከመርዓዊ የተነሳ ጥሬ ሙዝ ፍሪጅ ሳያገኝ ቀናት ቆይቶ ላብራቶሪ ቢደርስ፣ ቅጹ ላይ «ጥሬ» ተብሎ የተጻፈው ነገር በመንገድ ላይ ተለውጧል። እዚህ ጋ የሚጻፈው ሲለቀም የነበረው ብቻ ሳይሆን ሲደርቅ የነበረውም ነው። እንጆሪ ግን እንዲህ አያስቸግርም፤ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም። ለጀማሪ ምርምር ከእንጆሪ የተሻለ ተክል አላየሁም የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

አገራችን ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ጣና ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ቢልሃርዚያ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ በመጣው የረጅም ጊዜ ምርምር ከተጠኑት ነገሮች አንዱ የፍሬው ብስለት ነበር። ቀንድ አውጣውን አጥብቆ የሚገድለው ሙሉ በሙሉ ያደገ፣ ግን ገና ያልቀላ አረንጓዴ ፍሬ ሆኖ ተገኘ። አሠራሩም እንዲህ ተደነገገ፦ ፍሬው አድጎ ሲጨርስ፣ ሳይቀላ ይለቀም። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉበት ሥራ ነው። እንዶድ ላይ ብስለቱን የጠየቅን ሰዎች፣ ሰው በሚውጠው ነገር ላይ ሳንጠይቅ ስንቀር ያሳዝነኛል።

አሁን ስለ ባህል መድኃኒት አዋቂዎቻችን። ደብረ ኤልያስ አካባቢ የማውቃቸው አንድ አባት አሉ። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ሳለ የወንድማቸው ልጅ የደረቀ ፍሬ በጨርቅ ቋጥሮ መጣ። አንዷን አንስተው በሁለት ጣታቸው አሿት፤ ልጣጩ አልተሰበረም። ነከስ አድርገው ጥቂት አላመጡና ወደ ውጭ ተፉት። «ልጄ፣ ይኼ ገና ነው። ተሸክመህ ተመለስ» አሉት። የፍሬውን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ሚስጥራቸው ነው። እኔን የገረመኝ ግን እውቀቱ ነው። የሚፈልጉት ብስለት ጥርሳቸው ላይ አለ። ለአንዱ ፍሬ ለጋው፣ ለሌላው የጎመራው እንደሚያስፈልግ ይለያሉ።

በየዩኒቨርሲቲው በሚሠሩ የባህል ሕክምና ጥናቶች ላይ እነዚህ አባቶችና እናቶች ይጠየቃሉ። የተክሉ ስም፣ ለየትኛው በሽታ፣ የትኛው ክፍል፣ እንዴት ይዘጋጃል፣ ስንት ይሰጣል ይባላሉ። «ፍሬ» ተብሎ ምልክት ይደረግና ይታለፋል። «አባቴ፣ ምን ሲመስል ነው የሚለቅሙት? ሲነኩት ምን ይላል? ሲቀምሱትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይታይም። እነዚህ ሰዎች እያረጁ ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ ሄርባሪየም በሚባለው የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ የእሳቸው ጥርስ ግን ሊቀመጥ አይችልም። ስትጠይቋቸው ደግሞ በሕጉ ይሁን። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በእውቀቱ ላይ መብት እንዳለውና ከጥቅሙም መካፈል እንዳለበት ይናገራል። ነገ በጥሬ እንጆሪ ላይ ክኒን ቢሠራ፣ ሲለቀም ምን መምሰል እንዳለበት የነገረው ሰው በባዶ እጁ መቅረት የለበትም።

ለነጋዴ ወገኖቼ ያለኝ አጭር ነው። በልቶ ማደር እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ፌስታሉ ላይ የተክሉን ስም፣ የተለቀመበትን ቦታና ቀን፣ ጥሬ ይሁን የበሰለ መሆኑን ጻፉበት። ይህን ካላወቃችሁ አትሽጡት። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ ወይም እርግዝና ላለበት ሰው ደግሞ «መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ» በሉ። አንድ ደንበኛ ቢቀርባችሁ ይቅርባችሁ።

ለጤና ቢሮው፦ የባህል መድኃኒት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ስለሆነ፣ ከላይ ያልኩት ጽሑፍ ማሸጊያው ላይ እንዲኖር ቁጥጥሩ ይመልከተው። «ክብደት ይቀንሳል» የሚለው አባባል ደግሞ በሰው ላይ ሳይሞከር አይፈቀድ። ከቤተ ሙከራ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው። ጋርሲንያ ካምቦጂያ የሚባለው የእስያ ፍሬ ልጣጭ በእንስሳት ላይ ተስፋ ያሳየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ለ12 ሳምንታት 135 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የሱን ንጥረ ነገር የወሰዱት መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት የተለየ ክብደት አልቀነሱም። ከዚያ ወዲህ ወስደውት ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም ተመዝግበዋል። እስካሁን ድረስ በየኢንተርኔቱ ይሸጣል። አይጥ ከሳ ማለት ሰው ከሳ ማለት አይደለም፤ ይህንን ለደንበኞቼ ስነግር እውላለሁ።

አንድ ስጋት አለኝ፤ ሳልናገረው ብቀር ደብዳቤዬ ይጎድላል። ምርምሩ ተሳክቶ «አረንጓዴው እንጆሪ ለውፍረት ይሠራል» ቢባል፣ በሳምንቱ አጥሩ ሁሉ ይራቆታል። ጥሬ ፍሬ መልቀም ማለት ዘሩን ሳይደርስ መቅጠፍ ነው። ወፉ የሚበላው ያጣል፤ የሚበተን ዘር አይኖርም። ሜዳው ሁሉ ታርሶ የቀረን የዱር ተክል በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥና አጥር ላይ ያለው ነው። ኮሶ ዛፍ ዛሬ ስንት ቦታ ይታያል? ስለዚህ ጥናቱ ከመጀመሪያው የማልማቱን ነገር አብሮ ይያዝ። እንጆሪ ከቁራጩና ጫፉ አፈር ሲነካ ሥር ከሚያወጣው ቅርንጫፉ ይባዛል፤ ችግኝ ጣቢያ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። የግብርና ልማት ሠራተኞች ለገበሬው ከድንበር ተክል ጋር ሊያስተዋውቁት ይችላሉ። ከእያንዳንዱ ዘለላ የተወሰነው ሳይነካ እስኪጠቁር ይቆይ የሚል ደንብም አብሮ ይውጣ።

እኔ ደግሞ ባለኝ አቅም ልረዳ። ጅጋ አካባቢ ያለው የቤተሰቦቼ አጥር በእንጆሪ የተሞላ ነው። ባለቤቶቹ ፈቅደዋል። ቁጥቋጦዎቹን የሚያጠና ተማሪ ቢመጣ ማረፊያና የሚያግዘው ሰው አለ። በአበባ ጊዜ ክሩን አስሬ ቀኑን እመዘግባለሁ፤ ፎቶ እያነሳሁ እልካለሁ። በየደረጃው ለይቼ አድርቄ፣ በወረቀት ከረጢት አድርጌ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ድረስ አደርሳለሁ። ከእናንተ የምፈልገው የናሙና መረከቢያ ቅጻችሁን ነው። «የተክሉ ክፍል» ከሚለው ረድፍ ቀጥሎ «የብስለት ደረጃ» የሚል ረድፍ ጨምሩበትና ላኩልኝ። እንጆሪው ከማበቡ በፊት ቢደርሰኝ ለዘንድሮ እንደርሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ
ፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም